የእናቶች ንቅሳትና ሌዘር

ንቅሳት በሰሜንና በመካከለኛው የኢትዮጵያ ደጋ የሴት ልጅ ጌጥ ሆኖ የኖረ ልማድ ነው። በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎ፣ በሸዋና በትግራይ ገጠር ያደጉ ብዙ እናቶች በግንባራቸው መስቀል፣ በአገጫቸውና በመንጋጋቸው ዳር የነጠብጣብ ድርድር፣ በአንገታቸው ዙሪያ እንደ ድሪ የተነባበረ መስመር አላቸው። በእጃቸው ጀርባና በክንዳቸው የተነቀሱም ብዙ ናቸው። የድድ ንቅሳት ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ ድዱን አጥቁሮ ጥርሱን ነጭ አድርጎ ስለሚያሳይ ከፈገግታ ጋር ብቻ ብቅ የሚል ጌጥ ነው። የአገር ባህል ዘፈን የተነቀሰ አንገትንና የተነቀሰ ድድን ደጋግሞ ያነሳል፤ በዘመኑ ያልተነቀሰች ልጃገረድ አንድ ነገር እንደ ጎደላት ትቆጠር ነበር።

ሥራው የሴቶች ሙያ ነበር። ነቃሿ ከኩራዝ ወይም ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፍቃ ትወስድና በውኃ ወይም በቅጠል ጭማቂ ትለውሰዋለች። በዚያ ልቁጥ የሚነቀሰውን ሐረግ በቆዳው ላይ ትሥላለች፤ ከዚያም በመርፌ፣ መርፌ በሌለበት በእሾህ፣ መስመሩን ተከትላ እየወጋች ቀለሙ እንዲሰርግ ታደርጋለች። ልጅቱን የሚይዟት ሰዎች አይጠፉም፤ ሕመሙ ቀላል አይደለምና። የተወጋው ቦታ ለጥቂት ቀናት ያብጣል፣ ቅርፊት ይይዛል፣ ቅርፊቱ ሲረግፍ ሥሩ የቀረው ጥላሸት በቆዳው ውስጥ አልፎ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ አረንጓዴ ያደላ መስሎ ይታያል። ጥቁር የነበረው ነገር ሰማያዊ የሚመስለው ቀለሙ ተለውጦ አይደለም። ብርሃን በላዩ ባለው ቆዳ ውስጥ ሲያልፍ ስለሚበተን ነው።

ንቅሳት የማይለቀው ጥላሸቱ በገባበት ጥልቀት ምክንያት ነው። የላይኛው ቆዳ በየሳምንታቱ እየረገፈ በአዲስ ይተካል። ከሥሩ ያለው ውስጠኛ ቆዳ ግን እንዲህ አይረግፍም። እዚያ የደረሰውን ጥላሸት ባዕድ ነገርን የሚውጡ ማክሮፋጅ የሚባሉ የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ይውጡታል፤ ሊያሟሙት ግን አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ2018 በፈረንሳይ ማርሴይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ ቀለሙን የያዘው ሕዋስ ሲሞት የለቀቀውን ቀለም አጠገቡ ያለው አዲስ ሕዋስ መልሶ ይውጠዋል። ንቅሳት ዕድሜ ልክ አንድ ቦታ የሚኖረው በዚህ ቅብብሎሽ ነው። ይህ ግኝት ከታች ለሚነገረው የሌዘር ሥራም ቁልፍ ነው።

ሰዎች የሚነቀሱበት ምክንያት አንድ አልነበረም። ውበት ቀዳሚው ነው። የግንባር መስቀል ደግሞ የሃይማኖት ማኅተም ነበር፤ ማተብ ይበጠሳል፣ ይህኛው ግን አይበጠስም። በግብፅ ቅብጦች ዘንድ በእጅ አንጓ ላይ መስቀል የመነቀስ ልማድ እስከ ዛሬ አለ፤ በኢየሩሳሌምም ተሳላሚ ክርስቲያኖች የጉዟቸውን ምልክት በክንዳቸው ሲነቀሱ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። ሦስተኛው ምክንያት ሕክምና ነው፤ የዛሬ አንባቢ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም ይህኑ ነው። የአዮዲን እጥረት ባጠቃው ደጋ እንቅርት የብዙ ሴቶችን አንገት ያሳብጥ ስለነበር፣ አንገት ዙሪያ መነቀስ እንቅርትን ይከላከላል ወይም ያቆማል ተብሎ ይታመን ነበር። የድድ ንቅሳትም እንዲሁ ለድድ ጤና ይበጃል ይባል ነበር። እንቅርትን የሚከላከለው ከጨው ጋር የሚበላ አዮዲን ነው፤ በኢትዮጵያ የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚያ በፊት መፍትሔ ያጣች እናት የልጇን አንገት ለነቃሽ መስጠቷ ከጭንቀት የመጣ እንጂ ከጭካኔ የመጣ አልነበረም።

ያም ሆኖ አንድ ነገር ሳይሸፋፈን መነገር አለበት፤ አብዛኞቹ የተነቀሱት በልጅነታቸው ነው፤ ፈቃዳቸውን የጠየቀ አልነበረም። ጊዜው ሲለወጥ ፊታቸው ላይ የቀረውን ነገር ይዘው ወደ ከተማ የገቡት፣ ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት የተቀመጡት እነርሱ ናቸው። ከሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በኋላ የፊት ንቅሳት በከተማ የጌጥነት ክብሩን እያጣ የገጠሬነት ምልክት ተደርጎ መታየት ጀመረ። በኋላም ስለ ኤች አይ ቪ የተሰጠው ትምህርት ስለት ነገሮችን በጋራ መጠቀም አደገኛ መሆኑን በየቀበሌው አስተማረ፤ አንዱ መርፌ ለብዙ ልጃገረድ የሚያገለግልበት የነቃሽ ሥራም ከዚህ ማስጠንቀቂያ ውጭ አልሆነም። የግንባሯን መስቀል በሻሽ የምትሸፍን ወይም በፎቶ ላይ ፊቷን ዘወር የምታደርግ ወጣት የታየችው በዚህ ዘመን ነው።

ንቅሳትን የማስጠፋት ጥያቄ ከሁሉ በርትቶ የመጣው ከአገር ውጭ ነው። የኢትዮጵያ አይሁዶች የሆኑት ቤተ እስራኤሎች በጎንደርና በትግራይ መንደሮች ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋር ሲኖሩ የአካባቢውን ጌጥ ተጋርተዋል፤ ከሴቶቻቸው መካከል አንገታቸውንና ፊታቸውን የተነቀሱ፣ አንዳንዶቹም ግንባራቸው ላይ መስቀል ያለባቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ በተጀመረው ዘመቻ ሙሴ፣ ከዚያም በግንቦት 1991 ከአንድ ቀን ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ከ14,000 በላይ ሰዎችን ባጓጓዘው ዘመቻ ሰሎሞን እስራኤል ገቡ። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 28 ሥጋን መነቀስ ተከልክሏል፤ ከክልከላው በላይ ደግሞ መስቀል በአንዲት አይሁዳዊት ግንባር ላይ ሲታይ በየመንገዱ ማብራሪያ የሚያስጠይቅ ነገር ሆነ። ጎንደር ውስጥ ማንም ልብ የማይለው ምልክት እዚያ የማንነት ጥያቄ ማስነሻ ሆነ። ሥራ ፍለጋ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ ሠርግ፣ ሁሉም ቦታ ፊት ቀድሞ ይገባል። ንቅሳታቸውን ለማስጠፋት ወደ ቆዳ ሐኪሞች የሄዱት ሴቶች ቁጥር ቀላል ያልነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ንቅሳትን የማጥፋት ፍላጎት ግን ከዚህ እጅግ የቆየ ነው። በጥንቱ የሮም ዓለም ባሪያና ወንጀለኛ ይነቀስ ስለነበር ነጻ የወጣ ሰው የመጀመሪያ ምኞቱ ያንን ምልክት ማጥፋት ነበር። በስድስተኛው መቶ ዘመን የኖረው ሐኪም የአሚዳው አኤቲዎስ ንቅሳት እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚነሣ ጽፎ ትቷል፤ መድኃኒቱ ኖራን፣ ጨው መሰል ማዕድናትንና የዛፍ ሙጫን እየተጠቀመ ቆዳውን የሚያቆስል ነበር። ከእርሱ በኋላ ከሺህ ዓመት በላይ ሐሳቡ አልተለወጠም፦ ቆዳውን አቁስል፣ ቁስሉ ሲድን ቀለሙም ይዞ ይውጣ። እ.ኤ.አ. በ1888 ፈረንሳዊው ሐኪም ቫሪዮ ታኒክ አሲድ እየወጋ ካስገባ በኋላ በብር ናይትሬት የሚያቃጥል ዘዴ አቀረበ። በሃያኛው መቶ ዘመን በጨው መፈተግ፣ ቆዳን በሚሽከረከር ብሩሽ መፋቅና ቆርጦ አውጥቶ መስፋት ይሠራባቸው ነበር። ሁሉም ንቅሳቱን በጠባሳ ይለውጡታል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ጠባሳው ብዙ ጊዜ ያብጣል፣ ከቁስሉ ድንበር አልፎ የሚያድግ ኬሎይድም ሊሆን ይችላል። በቤት ውስጥ በአሲድ ወይም በጋለ ብረት የሚሞከረውም ከዚሁ የባሰ እንጂ የተሻለ ውጤት የለውም።

የመጀመሪያው ሌዘር የበራው ግንቦት 16 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ በማሊቡ ሲሆን ሠሪው ቴዎዶር ማይማን ነበር። ጨረሩ ከሩቢ ድንጋይ የወጣ ቀይ ብርሃን ነው። በኦሃዮ ሲንሲናቲ ይሠራ የነበረው የቆዳ ሐኪም ሊዮን ጎልድማን ብዙም ሳይቆይ ይህን ብርሃን በሰው ቆዳ ላይ መሞከር ጀመረ፤ በ1960ዎቹ አጋማሽም ንቅሳት ላይ አሳርፎ ጥቁሩ ቀለም ሲለቅ አየ። የተጠቀመበት አንዱ መሣሪያ ኪው ስዊች የሚባለው ዓይነት ነበር። ይህ ዓይነት ሌዘር ኃይሉን እንደ ግድብ ውኃ አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ይለቅቀዋል፤ ብልጭታው የሚቆየው የአንድ ሰከንድ ቢሊዮንኛ በሆኑ ጥቂት ናኖሰከንዶች ነው። የጎልድማን ውጤት ግን ለሃያ ዓመት ያህል ብዙ ተከታይ አላገኘም። በ1970ዎቹ የካርቦን ዳይኦክሳይድና የአርጎን ሌዘር ገብተው ነበር፤ እነዚህ ቀለሙን ከቆዳው ለይተው ስለማይመቱ ሁሉንም አብረው ያቃጥሉ ነበር። ነገሩ በአዲስ መሣሪያ ወደ አኤቲዎስ ዘመን እንደ መመለስ ነው።

መንገዱ የተከፈተው በ1983 ነው። በዚያ ዓመት አንደርሰንና ፓሪሽ የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች፣ ብርሃን ከአካባቢው ሁሉ አንዱን ነገር ብቻ መርጦ እንዲያሞቅ የሚያደርጉትን ሁኔታዎች በሳይንስ መጽሔት ላይ አስረዱ። ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ዒላማው ከአካባቢው ይልቅ በደንብ የሚውጠው መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ብልጭታው ዒላማው ሙቀቱን ወደ ጎረቤቱ ለማካፈል ከሚወስድበት ጊዜ ማጠር አለበት። ትንሽ ነገር ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይበርዳል፤ የንቅሳት ቀለም ቅንጣት እጅግ ትንሽ በመሆኑ ጊዜው በናኖሰከንድ የሚለካ ነው። በዚያው ዓመት በስኮትላንድ ያሉ ሐኪሞች በኪው ስዊች ሩቢ ሌዘር ንቅሳትን ያለ ከባድ ጠባሳ ማጥፋት እንደሚቻል አሳተሙ። በ1990ዎቹ መሣሪያው ወደ ክሊኒኮች ገባ። በ2012 መጨረሻ ደግሞ ብልጭታው ከናኖሰከንድም ያጠረ፣ ፒኮሰከንድ የሚባል ሌዘር በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ።

ብልጭታው ሲያርፍ የቀለሙ ቅንጣት በቅጽበት ይግላል፣ ይሰነጠቃል፣ ወደ ደቃቅ ብናኝ ይለወጣል። ሌዘር ቀለሙን አያወጣውም፤ ይሰብረዋል እንጂ። የሚያወጣው ሰውነት ነው። ከፊሉ ብናኝ በሊምፍ መስመር ወደ እጢዎች ይሄዳል፣ ከፊሉ ከቅርፊት ጋር ይረግፋል፣ ቀሪውን ደግሞ እነዚያ ማክሮፋጆች መልሰው ይውጡታል። በአንድ ቀን ሥራ የማያልቀው ለዚህ ነው። ሐኪሙ በየጉብኝቱ መካከል ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚያስጠብቀው ሰውነት የተሰበረውን እንዲጠርግና ቆዳውም እንዲያገግም ነው። ቶሎ ቶሎ መመላለስ ሥራውን አያፋጥንም፤ ቆዳውን ይጎዳል።

ስንት ጉብኝት እንደሚያስፈልግ ለመገመት እ.ኤ.አ. በ2009 የቀረበው የኪርቢና የዴሳይ መለኪያ ስድስት ነገሮችን ይቆጥራል፦ የቆዳው ጥቁረት፣ ንቅሳቱ ያለበት የሰውነት ክፍል፣ የቀለሙ ዓይነት፣ የቀለሙ ብዛት፣ ቀድሞ ያለ ጠባሳና በንቅሳት ላይ ሌላ ንቅሳት መደረብ። የደጋው ንቅሳት በዚህ መለኪያ ሲታይ ነገሩ ትኩረት ይስባል። ጥላሸት በአብዛኛው ካርቦን ነው፤ ጥቁር ቀለም ደግሞ ማንኛውንም የሌዘር ብርሃን ስለሚውጥ ለመሰባበር ቀላሉ ነው። ብዛቱም በዘመናዊ ማሽን ከተነቀሰው ያነሰ ነው። ራስና አንገት ደም በደንብ የሚዘዋወርባቸው ስለሆኑ ከእጅ ጣትና ከእግር ይልቅ ቶሎ ይጠራሉ። የነቃሿ እጅ ጥልቀቱን እኩል ስለማያደርገው አንዳንዱ ነጥብ ከሌላው ይልቅ ቢዘገይም፣ በጠቅላላው የእናቶቻችን ንቅሳት በቀለሙ በኩል ለሌዘር ገር ነው።

ከባዱ ነገር ቆዳው ነው። ጥቁር ቆዳ በላይኛው ክፍሉ ሜላኒን ይበዛዋል፤ ሜላኒንም ብርሃን ይውጣል። ጨረሩ ጥላሸቱ ጋ ከመድረሱ በፊት በመንገዱ ሜላኒኑን ካሞቀው ቆዳው ይቃጠላል፣ ወይም ቀለሙን አጥቶ ለምጽ የሚመስል ነጭ ጥላ ይቀራል። የሞገድ ርዝመቱ 694 ናኖሜትር የሆነው የሩቢ ብርሃን በሜላኒን በብዛት ስለሚዋጥ ለጥቁር ቆዳ አይመረጥም። የሚመረጠው ኤንዲ ያግ የሚባለው ሌዘር የሚያወጣው 1064 ናኖሜትር ብርሃን ነው፤ ዓይን የማያየው ታህታይ ቀይ ሲሆን ሜላኒን የሚውጠው ትንሽ ነው፣ ወደ ጥልቀትም ይገባል። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ ታካሚ ከዋጋ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ክሊኒኩ ያለው ሌዘር የትኛው እንደሆነና በጥቁር ቆዳ ላይ የሠራ ባለሙያ መኖሩን ነው። ለፀጉር ማንሻ የተሠራ ሌዘር ለዚህ አይሆንም፤ ብልጭታው ረጅም ስለሆነ ሙቀቱ ወደ ቆዳው ይፈስሳል።

ሕክምናው በምክክር ይጀምራል። ሐኪሙ ኬሎይድ የሚያወጣ ቤተሰብ መኖሩን፣ የሚወሰድ መድኃኒትን፣ እርግዝናን ይጠይቃል፤ እርጉዝ ሴት አብዛኛውን ጊዜ እስክትወልድ ትጠብቃለች። ፎቶ ይነሣል። ጥንቁቅ ሐኪም መጀመሪያ በትንሽ ቦታ ሞክሮ ቆዳው የሰጠውን ምላሽ ለሳምንታት ያያል። በሕክምናው ቀን ማደንዘዣ ቅባት ተቀብቶ ይቆያል፤ የታካሚውም የሐኪሙም ዓይን ይሸፈናል። በተለይ በግንባር ንቅሳት ላይ ይህ ቸል የሚባል አይደለም፣ 1064 ናኖሜትር ጨረር ሳይታይ ዓይን ሊያጠፋ ይችላልና። ስሜቱ የሞቀ ዘይት ሲፈናጠቅ እንደሚሰማው ነው፤ ትንሽ የግንባር መስቀል በደቂቃዎች ውስጥ ይጨረሳል። ብልጭታው ያረፈበት መስመር ወዲያው ነጭ ይሆናል። ይህ ነጭነት በቆዳ ውስጥ የተፈጠረ የእንፋሎት አረፋ ሲሆን ከግማሽ ሰዓት በፊት ይጠፋል። ከዚያ መቅላት፣ ማበጥ፣ አንዳንዴ ውኃ መቋጠር ይከተላል። የቋጠረው ውኃ በጥፍር አይፈነዳም፣ ቅርፊቱም አይላጥም፤ ቅባት እየተቀባ ተሸፍኖ ይቆያል። ፀሐይ ከሁሉ በላይ ጠላት ናት፤ ቆዳው በሚድንበት ጊዜ ፀሐይ ካገኘው እንደ ማድያት ይጠቁራል።

የመጀመሪያው ጉብኝት ውጤት ብዙ ታካሚን ተስፋ ያስቆርጣል፤ ንቅሳቱ ለጥቂት ቀናት ጠቁሮ ሊታይም ይችላል። መጥራቱ የሚታየው በሳምንታት ውስጥ ነው፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጉብኝት ልዩነቱን ግልጽ ያደርጉታል። ከእስራኤል የቆዳ ሐኪሞች መካከል ሁለቱ በኢትዮጵያውያን አይሁዶች ንቅሳት ላይ የሠሩትን እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የቆዳ ሕክምና መጽሔት አሳትመዋል። በኪው ስዊች ሌዘር ከሦስት እስከ ስድስት ጉብኝት ከታከሙት አብዛኞቹ ንቅሳታቸው በአመዛኙ ጠርቷል፤ ጊዜያዊ መጥቆር ብዙዎቹ ላይ ታይቷል፣ ጠባሳ ግን እምብዛም። ለረጅም ጊዜ ጥቁር ቆዳ ለሌዘር አይሆንም ይባል ስለነበር ይህ ጽሑፍ ለሌሎች አገሮች ሐኪሞችም ዋጋ ያለው ማስረጃ ሆነ። ሙሉ በሙሉ መጥፋቱን ግን ማንም አስቀድሞ ሊምል አይችልም። መርፌው ያቆሰለው ቆዳ ቀለሙ ከወጣ በኋላም ለስላሳነቱ ሊለይ፣ የመስቀሉ ቅርጽ ደብዛው ሊቀር ይችላል።

አሁን በአዲስ አበባ የግል የቆዳ ክሊኒኮች የሌዘር አገልግሎት ይሰጣሉ፤ የሚመጡት ግን የገጠር እናቶች ብቻ አይደሉም። በማሽን የተነቀሱ ወጣቶች ባለ ብዙ ቀለም ሥዕል ይዘው ይመጣሉ፤ ቀይ ቀለም 532 ናኖሜትር አረንጓዴ ብርሃን ይፈልጋል፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለም 755 ወይም 694 ናኖሜትር ይፈልጋሉ፣ እነዚህ ሁሉ ለጥቁር ቆዳ አደገኛዎቹ ናቸው። የቅንድብና የከንፈር ንቅሳት ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ቀለሞቹ ብዙ ጊዜ የብረት ኦክሳይድ ወይም ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ አለባቸው፤ ሌዘር ሲያርፍባቸው ቡናማው ወይም ሮዝ የነበረው በቅጽበት ወደ ጥቁር ግራጫ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ በቅንድብ ላይ ሥራው የሚጀመረው ዳር ላይ በአንዲት ነጥብ ነው፤ ነጥቧ ከጠቆረች ሐኪሙ ከመቀጠሉ በፊት ያንን ጥቁር ማጥፋት መቻሉን ማየት አለበት።